ዝም ያለው ተራራ

ሰውየው ሥራው ድንጋይ ማዳመጥ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ከገደሉ ማዶ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ፈላጮች ነበሩ፣ ጠራቢዎች ነበሩ፣ በድጅኖ የሚፈነቅሉ ነበሩ። አዳማጭ ግን እሱ ብቻ ነበር። የመዝገብ ስሙን እናቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው የሚያውቁት ይባል ነበር፤ የቀረው ሰው ሁሉ «አዳማጩ» እያለ ነው የሚጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራራ ተፈልጦ የወጣ ድንጋይ ከውጭ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። ፊቱ ልሙጥ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የማር። ውስጡ ግን ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ልትኖርበት ትችላለች፤ ዓይን አያያትም፣ ጣትም አያገኛትም። እንዲህ ያለው ድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ቢገባ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ከበር በላይ ጉበን ሆኖ ቢጋደም ግን ከሥሩ ሰው ያልፋል። ስለዚህ ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት ይጠየቃል። አጠያየቁም ደስ ይላል። ድንጋዩን በሁለት ጣውላ ላይ ያጋድሙታል፤ መሬት ከነካው መሬቱ ድምፁን ይውጠዋልና ነው፣ ብርጭቆ በእጅ ተይዞ ቢመታ እንደማይጮኸው ማለት ነው። ውሃ የጠጣ ድንጋይም ድምፁ ስለሚታፈን እስኪደርቅ ይጠብቁታል። ከዚያ ካባው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ወሬውንም ያቆማል። አዳማጩ በትንሽ መዶሻ የድንጋዩን ራስ፣ ወገቡን፣ እግሩን ይመታል። መጀመሪያ «ድም» ይላል። ይህ ድም ለማንም አይጠቅምም፤ ጤነኛውም በሽተኛውም ድም ይላል። ቁም ነገሩ ከድሙ በኋላ ነው። ድንጋዩ ሙሉ ከሆነ ከድሙ ሥር ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ ተነስቶ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አየሩ ውስጥ ይሟሟል። ስንጥቅ ካለበት ያ ቀጭን ድምፅ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ፣ ድልድይ ተሰብሮ እንዳገኘ መንገደኛ እዚያው ይቀራል።

አዳማጩ ይህን ቀጭን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወደው ነበር። አንዳንዴ ድንጋዩ ጤነኛ መሆኑን ካወቀ በኋላም ድምፁ እስኪያልቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ሰዎቹ እየሳቁ ይጠብቁታል። «ተኛ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ተወው፣ ከተራራው ጋር ሚስጥር እያወሩ ነው» ይላል ሌላው።

ከዚያ ብሎኬት መጣ። ካባው በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ የአጥር ሥራ ቀረ፣ ቀጥሎ የመኖሪያ ቤት ሥራ። ብሎኬት ጠዋት ታዝዞ ከሰዓት ይደርሳል፤ ሁሉም እኩል ነው፣ ማንም አያዳምጠውም፣ የሚለውም ነገር የለውም። ጠራቢዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ሚኒባስ ነዳ፣ አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ የወንድሙ ቤት ሄዶ በዚያው ቀረ። በመጨረሻ የውሃ መምጠጫው ፓምፕ ቆመ። የተራራው ውሃ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ የኖረ ይመስል ከየስንጥቁ እየወጣ ካባውን ሞላው። በሁለት ክረምት ውስጥ ያ ሁሉ ደረጃና ግድግዳ ሰማይ የሚታይበት ሐይቅ ሆነ።

አዳማጩ የብሎኬት ፋብሪካ ጥበቃ ሆነ። የሳቀበት አልጠፋም፤ እሱም ራሱ ይስቅ ነበር። ብሎኬት የሚጨምቀው ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እሱ አጠገቡ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣ መኪና ይቆጣጠራል። ምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲቆም ያሸልበዋል፤ በሕልሙም ካባው ውሃ ውስጥ እንደሆነ ይደውላል። ድምፁ እንደ አረፋ እየተንሳፈፈ ወደ ላይ ይወጣና ሐይቁ ፊት ላይ ይፈነዳል። እሱ ጀልባ ላይ ሆኖ በእጁ ሊይዘው ይሞክራል።

ካባውን ያስነሳው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤቱ ከዚያው ተራራ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነው። ሲያረጅ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነውት ነበር፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከሲሚንቶው ጀርባ ድንጋዩን እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረው። ጥገናውን የያዘችው ኢንጂነር ግድግዳውን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ፣ አቧራውን መዳፏ ላይ ዘርግታ አየችና «ይሄ ቤት የእናቱን ድንጋይ ነው የሚፈልገው» አለች። ከተማው ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ገደብ ነበረው። ክረምት ሳይገባ ለግድግዳው የሚሆን ጥርብ ድንጋይና ለዋናው በር አንድ ወጥ ጉበን ከወጣ ካባው ይቀጥላል። ካልወጣ ቤቱ በኮንክሪት ይጠገናል፣ ፓምፑም ይነቀላል።

ፎርማን ሆኖ የተመለሰው የድሮው ፈላጭ ነው። ወጣት ሳለ ችኩል ስለነበር «ጥድፊያ» ይሉት ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፣ ስሙ ግን እንዳለ ነው። የተበተኑትን እየለቀመ ሰብስቦ ማህበር አቋቋመ። አዳማጩን ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነው የጠራው።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ። ተራራው ይፈልግዎታል።»

«ደብዳቤ ጻፈልኝ?» አለ አዳማጩ።

«እኔን ላከኝ።»

«ምነው፣ ሌላ ሰው አጣ?» አለና ኮፍያውን ከሚስማሩ ላይ አነሳ።

ውሃው በፓምፕ ሲመጠጥ አዳማጩ በየቀኑ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አየ። የሐይቁ ፊት ቀስ እያለ ሲወርድ የላይኛው ደረጃ ወጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። አንድ መሰላል ወጣ፤ ሁለት ደረጃው ላይ የውሃ ሣር በቅሎበታል። የተረሳ ባልዲ ወጣ፣ ውስጡ ትንሽ ዓሣ ይዞ። ከፀሐይ ተለይተው የቆዩት ግድግዳዎች እርጥብ ሆነው ሲያበሩ ካባው ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ይመስል ነበር፤ ገና ያልተናገረ፣ የት እንዳለ ለማስታወስ የሚሞክር ሰው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ጣውላው ላይ ተጋደመ። ሰዉ መዶሻውን አስቀመጠ። አዳማጩ ጎንበስ አለና መታው።

ድም።

ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ወገቡን መታው፣ እግሩን መታው። ድም፣ ድም። ከድሙ በኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ታሟል» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ጠራቢ አፉን ሊከፍት ሲል ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው። በዚያ ካባ ሕግ አዳማጩ ከተናገረ በኋላ ማንም አይከራከርም፤ ስለ ድንጋይ ድምፅ ሁሉም አስተያየት ቢሰጥ ሥራ የሚባል ነገር አይኖርማ። ደግሞም ማናቸውም ለብዙ ዓመት ድንጋይ አልመቱም። ሰምተናል ያሉትን ነገር የናፈቃቸው ጆሯቸው የፈጠረው ይሆናል ብለው ተጠራጠሩ። ድንጋዩ ወደ ጥግ ተገፋ።

ሁለተኛው መጣ፤ ታሟል። ከሌላ ግድግዳ ፈለጡ። ለማድረቅ ጊዜ ሰጡት፣ ፀሐይ ላይ አገላበጡት። ታሟል። ጥግ የተገፋው ድንጋይ እየበዛ ሄዶ እንደ ሌላ ተራራ ተከመረ። አዳማጩ በየምሽቱ ሲወጣ በአጠገቡ የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነው።

የደረሰበት መደምደሚያ ከባድ ነበር። ውሃው ተራራው ውስጥ ገብቷል። ያን ሁሉ ዓመት ተኝቶበት እያንዳንዱን ድንጋይ ከውስጥ ለያይቶታል። ምልክት ሲፈልግም አገኘ። ድሮ ካባው ጠርዝ ላይ ባሉት ዛፎች ላይ ወፎች ይንጫጩ ነበር፤ አሁን ዛፎቹ አሉ፣ የወፎቹ ድምፅ ግን የለም። ወፎች ቀድመው ያውቃሉ፣ ሄደዋል ብሎ አሰበ። ተራራው ሞቷል፤ እኛ አስከሬኑን ነው የምንቆፍረው።

ጉበን ይሆናል የተባለው ረጅሙ ድንጋይ በወጣበት ቀን ኢንጂነሯም ነበረች። አዳማጩ ከሌሎቹ ሁለት ድንጋዮች ጋር መታው፣ ጠበቀ፣ ደግሞ መታው። ራሱን ነቀነቀ።

ኢንጂነሯ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «አባባ፣ ላቦራቶሪው ናሙናውን ጥሩ ነው ብሎታል። ጥንካሬው እንዲያውም ከድሮው አይተናነስም።»

«ናሙናው ቁራጭ ነው፣ ልጄ።»

«ልክ ነዎት። ናሙና ስለ ተራራው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ አይናገርም። ለዚህ ነው እርስዎን የምፈልግዎት።» ጉበኑን በዓይኗ ለካችው። «እርስዎ አይሆንም ካሉ ሰው ከሥሩ አላሳልፍም። ነገ ለከተማው ኮንክሪት ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ጥድፊያ መሬት ላይ ተቀምጦ በመሮው ጫፍ አቧራው ላይ መስመር ያሰምር ነበር። «ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል፣ «አንዱም? ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ?»

«አንዱም።»

ቤቱ ከገደሉ ወዲህ ነው፤ ከካባው በወፍ በረር ቅርብ፣ በእግር ግን መውረድና መውጣት አለው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ወደ ገደሉ በሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጧል። ያን ቀን ሲደርስ መኪናዋን ሸፍናለች፣ ደጃፉ ላይ ሁለት ወንበር አውጥታለች፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሻይም ፈልቷል።

«ማን ይመጣል?» አላት።

«አንተ ነሃ። ተቀመጥና አውራኝ።»

ተቀመጠ። ስላላወራ እሷ ቀና ብላ አየችውና ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«አለቀ። ነገ ይዘጉታል። ጉበኑም የታመመ ነው።»

«የቱ ጉበን?»

«ዛሬ ከሰዓት የመታሁት። መጨረሻ ላይ።»

«ያ ድምፀ ወፍራሙ? ሌሎቹ ቀጠን ያሉት ሁለቱ አልቀው እሱ ለብቻው የተመታው?» የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ምኑ ነው የታመመው? እኔ እዚህ ሆኜ ልብሱን ትቼ ሳዳምጠው አልነበር እንዴ? እንደ ደወል እኮ ነው የሄደው።»

አዳማጩ ዞር ብሎ አያት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምን አውቃለሁ?» ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ትንሽ እፍረት ነበር። «አግብቼህ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሳውቅ ነው የኖርኩት። መዶሻው ሁሉ በአንዴ ጸጥ ሲል እኔም መኪናዬን አቆማለሁ። ድንጋዩ ከዘመረ አንተ እያፏጨህ ነው የምትመጣው፤ ራት ላይ አፍህ አይዘጋም። ካልዘመረ ደግሞ ጥርስህ አይታይም፤ ልጆቹን ጎረቤት ሰድጄ፣ ሻይ አወፍሬ እጠብቅሃለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ዛሬ ሦስቱም ዘመሩ፤ ደስ ብሎህ ትመጣለህ ብዬ ይሄን የመሰለ ቀሚስ ለበስኩ።»

«ያለፉትስ? ከመጀመሪያው ጀምሮ የመታኋቸው?»

«አንድ ብቻ ነው ድፍን ያለው። ባለፈው ነፋስ በነበረ ቀን። ሌሎቹ ሲዘምሩ ሰምቼ አንተ ተኮሳትረህ ስትመጣ፣ ይሄ ሰውዬ ሌላ ነገር አለበት፣ ሲፈልግ ይነግረኛል ብዬ ተውኩህ።»

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የካባው ግድግዳ ከማዶ የማር ቀለም ይዞ ያበራል። ሚስቱ ማንኪያ አንስታ የብርጭቆውን ከንፈር ነካ አደረገችው፤ እንደ ቀልድ ነበር የጀመረችው። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ አየ። ቅ የሚል ነገር ሰማ።

«ድምፁ አለቀ?» አላት።

ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። «ገና እየጮኸ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እርጅናና መዶሻ ጆሮን ሲበሉ የሚጀምሩት ከላይ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል፤ የሰው ንግግር፣ የመኪና ሞተር፣ ድሙ ሁሉ ይሰማል፤ የተቀነሰውን ሰው አያውቀውም። ቀጭኑ ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ ሲሄድም በሩን ሳይዘጋ፣ ደህና ሁን ሳይል ነው። በአዳማጩ ላይ የብሎኬቱ ማሽን መዶሻው የጀመረውን ጨርሶታል። እሱ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰው ወሬ ማጉረምረም የሆነበትን ዘመኑ ስለተበላሸ ነው፣ የድንጋዩን ዝምታ ደግሞ ተራራው ስለሞተ ነው ሲል ነበር። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮውን መጠየቅ ለአፍታም አልመጣለትም።

«ወፎቹ መቼ ሄዱ?» አላት።

«የት ይሄዳሉ? ጠዋት ጠዋት መቼ ያስተኙኛል።»

አዳማጩ ተነስቶ እስከ ገደሉ አፍ ሄደ፤ ቆሞ ማዶውን አየ። ሊያለቅስ የነበረ ይመስላል፤ ይልቅ ትከሻው በሳቅ ይነቀነቅ ጀመር። ተራራው ደህና ነው። ውሃ ሥር ሆኖም ምንም አልሆነም። ሀዘኑ ኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ የመጣው ግን ታሞ የነበረ ዘመድ ድኗል የተባለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

«ነገ ትነግራቸዋለህ» አለች ከኋላው ሚስቱ።

«ምን ብዬ?»

«ደነቆርኩ ብለህ።»

«አዳማጩ ደነቆረ? ሰዉ ምን ይለኛል?»

«ምን ቢሉህስ፤ መች ትሰማቸዋለህ?» አለችው።

ጠዋት አብረው ሄዱ። ኢንጂነሯ ወደ ከተማው አዳራሽ ከመሄዷ በፊት ልትሰናበታቸው መጥታ ነበር። አዳማጩ ጉበኑ አጠገብ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«የታመመው ተራራው አይደለም። እኔ ነኝ። ቀጭኑን ድምፅ አልሰማም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።» ጥግ ወደተከመረው ድንጋይ ጠቆመ። «እነዚያን ሁሉ የጣልኳቸው በከንቱ ነው። ለደከማችሁበት ሁሉ ይቅር በሉኝ።»

በመጀመሪያው ድንጋይ ቀን ሊናገር ሲል በክርን የተጎሸመው ጠራቢ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ በተራው ጎሸመው። «አላልኩህም?»

ጥድፊያ ግንባሩን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሌት ተቀን የቀብር ንግግር ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት» አለ። ትንሽ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። «እሺ፣ አሁን ማን ሊያዳምጥ ነው? እኔ ስንጥቅና ማሳል አልለይም።»

«እሷ» አለ አዳማጩ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ከማዶ የሰማችውን ካባ ከውስጡ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር፤ አንገቷን አቅንታ ግድግዳውን ስትመለከት የሰዉን ዓይን ልብ አላለችውም።

ኢንጂነሯ አሰበች። «ከተማ ያለውን የስንጥቅ መፈተሻ መሣሪያ ለጉበኑ አስመጣለሁ፤ እስኪመጣ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ። በእርግጠኝነት የተሰነጠቀ ድንጋይ አለን?»

ነበረ፤ ከክሬኑ ወድቆ እግሩ ጋ የተላቀቀ። ከሌላ ሁለት ጋር ጣውላ ላይ አጋደሙትና ሚስትየውን ፊቷን አዙረው አቆሟት። አዳማጩ መታ።

ድም፣ ድም፣ ድም።

«እኔ እንጃ» አለች። «ሁሉም ጮኸብኝ።»

ጥድፊያ ዓይኑን ጨፈነ። አዳማጩ መዶሻውን ዝቅ አደረገ። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ፣ ረጅም ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ የምታስገባ ይመስል እያሰበች ነበር።

«ቀርቧል» አለች። «እኔ የማውቀው ሩቁን ነው። ወደ ኋላ ልሂድ።»

ሄደች። ደረጃውን ወጣች፣ ከጠርዙ ደረሰች። መታላት። እጇን አወዛወዘች፤ ገና ነው። መንገዱን ይዛ ወደ ገደሉ ወረደች፤ ቀሚሷ እየራቀ የጨርቅ ቁራጭ አከለ። መታላት፤ ገና። ሰዎቹ ሁሉ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ የሆነ ሰው ስሟን እየጠራ የሚያስሄዳት ይመስል በዓይናቸው ይከተሏታል። ገደሉን ተሻግራ፣ ከቤቷ በታች ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ቆመች። እዚያ ስትደርስ ሳትጠየቅ እጇን አነሳች። «ምቱ» ማለቷ ነው።

የመጀመሪያውን መታ፤ ዘመረ ስትል ቀኝ እጇን አነሳች። ሁለተኛውን መታ፤ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሦስተኛውን መታ፤ አነሳች። የተሰነጠቀው ሁለተኛው ነበር። ኢንጂነሯ ድንጋዮቹን አቀያይራ ደገመች፣ ሠለሰች። የታመመው በመጣ ቁጥር ያች ሩቅ እጅ አትነሳም።

«ጉበኑን» አለች ኢንጂነሯ።

አዳማጩ ወደ ረጅሙ ድንጋይ ሄዶ ራሱን መታው። የለመደው ድም መጣ፣ ከድሙ በኋላም የለመደው ባዶነት። በዚህ ጊዜ ግን ባዶነቱን ማዳመጥ ትቶ ቀና ብሎ ወደ ማዶ አየ። ድምፁ ገደሉን ሲያቋርጥ ያየ መሰለው፤ ከዛፎቹ በላይ ሲያልፍ፣ ሲሳሳ፣ ሲቀጥን። እጇ ተነሳ። ወገቡን መታው። ተነሳ። እግሩን መታው።

እጇ አልተነሳም።

አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ከዚያ ሴትየዋ ክንዷን አየር ላይ አዙራ አሳየች። ድገመው።

ደገመው። ትንሽ ጠበቅ አድርጎ፣ መዶሻውን ወዲያው ከድንጋዩ እያነሳ፣ በደጉ ዘመን ይመታ እንደነበረው። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ቆማ ቆየች፤ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን የጨፈነች ይመስል ነበር። ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቀች እንደሆነ የገባው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እጇን አነሳች፤ አንዱን ሳይሆን ሁለቱንም።

ኢንጂነሯ ስልኳን አውጥታ ወደ ከተማው አዳራሽ ደወለች። «ጉበኑ ተገኝቷል» ስትል ተሰማች። «አዎ፣ ከዚሁ ተራራ። መሣሪያው ሲመጣ ደግመን እናየዋለን፣ ፓምፑን ግን እንዳትነኩት።» ጥድፊያ ጥግ ወደተከመሩት ድንጋዮች እየሮጠ ሰዎቹን «ጣውላ፣ ጣውላ አምጡ» ይላቸው ነበር፤ ስሙን ያገኘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ መሐል መመለስ ጀመሩ።

አዳማጩ መዶሻውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረና ገና ብዙ እንዳለ ለሚስቱ በክንዱ ምልክት ሰጣት። ከማዶ ያች ትንሽ ጨርቅ የምታክል ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ቋጥኙ ላይ ተመቻችታ ስትቀመጥ ታየችው።